ሕያው እጽዋትን ማሸግና መላክ

ሕያው እጽዋትን ማሸግና መላክ ሥር ያለውን ችግኝ፣ ገና ሥር ያላወጣ የቅርንጫፍ ቁራጭን ወይም እንደ ዝንጅብል ያለ ከመሬት በታች የሚያድግ የተክል ክፍልን በሕይወት እንዳለ በፖስታ፣ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ወደ ሌላ ቦታ የማድረስ ሥራ ነው። ተክል ከመጽሐፍ ወይም ከልብስ የሚለየው ካርቶን ውስጥ ታሽጎም መኖሩን ስለማያቆም ነው፤ ይተነፍሳል፣ ውሃ ያጣል፣ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ጥሩ አስተሻሸግ ማለት ጠንካራ ሳጥን ማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ተክሉ በጉዞው ቀናት ያለውን ውሃና ምግብ ቆጥቦ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ሥራው ሁለት ዓላማዎች አሉት። የመጀመሪያው ተክሉ ሳይሞት እንዲደርስ ነው። ሁለተኛው ተባይ፣ በሽታ ወይም የአረም ዘር አብሮት እንዳይጓዝ ነው። ሞቶ የደረሰ ተክል የሚጎዳው ላኪውንና ተቀባዩን ብቻ ሲሆን፣ በሽታ ይዞ በሕይወት የደረሰ ተክል ግን አንድን ወረዳ ወይም አንድን አገር ሊጎዳ ይችላል። በኢትዮጵያ የእንሰትና የዝንጅብል አጠውልግ በሽታዎች የተስፋፉበት መንገድ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ተክል በጉዞ ላይ የሚገጥመው

ውሃ ማጣት፦ ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ አብዛኛው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ተንኖ ይወጣል። ችግኝ ከመሬት ሲነቀል ውሃ የሚስቡት ፀጉር መሰል ሥሮች ይበጣጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን ይቀጥላል። የተነቀለ ችግኝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋስ ትነቱን ያፋጥነዋል፤ ሸራ ሳይለብስ በክፍት መኪና የተጫነ ችግኝ ጥላ ሥር ከቆመ ችግኝ ቀድሞ ይደርቃል።

መፍትሔው ግን ውሃ ማብዛት አይደለም። በተዘጋና በጨለመ ካርቶን ውስጥ እርጥብ ቅጠል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ በውሃ የተዘፈቀ ሥር ደግሞ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው የአስተሻሸግ ዘዴ በአንድ ደንብ ላይ ይቆማል፦ ሥሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ።

ሙቀት፦ ተክል በቅጠሉና በግንዱ ያጠራቀመውን ስኳር እያቃጠለ ይተነፍሳል። በብርሃን ሲሆን የተቃጠለውን ይተካል፤ በካርቶን ጨለማ ውስጥ ግን የሚተካው ነገር የለም። የመተንፈሱ ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በግምት በእጥፍ ያድጋል። በ15 ዲግሪ አራት ቀን የሚያቆይ ስንቅ በ25 ዲግሪ ሁለት ቀን ያህል ብቻ ያቆያል ማለት ነው። አተነፋፈሱ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ተጨናንቆ የታሸገ ካርቶን መሐሉ ከውጭው አየር ይበልጥ ይሞቃል።

ቅዝቃዜም በበኩሉ ይጎዳል። እንደ ሙዝ ያሉ የሞቃት አገር ተክሎች ውሃ ከሚበርድበት ነጥብ በጣም ርቀውም ቢሆን፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆዩ ቅጠላቸው ይጠቁራል።

ኤትሊን፦ ኤትሊን እጽዋት ራሳቸው የሚያመነጩት ጋዝ ሲሆን ፍሬን ያበስላል፣ ቅጠልንና አበባን ደግሞ ያረግፋል። የጋዙ ኃይል በአዲስ አበባ የፍራፍሬ ንግድ ውስጥ በደንብ ይታወቃል። በጊዮርጊስ አቅራቢያ የነበረው የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ የከተማዋ ዋና የጅምላ ገበያ ነበር። በከተማዋ የሙዝ ነጋዴዎች ዘንድ ጥሬ ሙዝን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ማብሰል የቆየ ልማድ ነው። ጭሱ ሙዙን የሚያበስለው በውስጡ ኤትሊን ስላለ ነው። ያው ጋዝ በታሸገ ካርቶን ውስጥ ሲጠራቀም የችግኝ ቅጠል ያቢጫል፣ እምቡጥ ያረግፋል። ስለዚህ ተክል ከበሰለ ሙዝ፣ ከማንጎ ወይም ከአቮካዶ ጋር በአንድ ሳጥን ወይም በአንድ የጭነት ክፍል አይላክም። የደረቀ፣ የቆሰለ ወይም ሊረግፍ የደረሰ ቅጠልም ኤትሊን ስለሚያመነጭ ከማሸግ በፊት ይነሳል።

መናጋት፦ በጉዞ ላይ የሚንቀሳቀስ አፈር ሥርን ይበጥሳል፣ ቅጠልን ይቀብራል። ግንዱ ካልታሰረም ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይቆስላል፤ ቁስሉም የሻጋታ መግቢያ ይሆናል።

ታሪክ

ተክልን ከዘር ይልቅ በሕይወት እንዳለ መላክ ያስፈለገው ሁሉም ዘር ለረጅም ጉዞ ስለማይመች ነው። የጤፍና የስንዴ ዘር ደርቆ ለዓመታት ይቆያል። የቡና ዘር ግን በተለመደው አቀማመጥ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዘር ባንክ የእህል ዘሮችን በቀዝቃዛ ክፍል ሲያስቀምጥ፣ ቡናን ግን በጅማ አካባቢ በጮጬ እንደ ቆመ ዛፍ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው የአረቢካ ቡና በየመን በኩል ወደ እስያ ከተሻገረ በኋላ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሄደው በሕያው ተክልነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የእጽዋት ማኖሪያ ተላከ። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የቡና ተክል አበረከተች። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ጋብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን አንድ ችግኝ በመስታወት ሣጥን አድርጎ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ወሰደ። መኮንኑ በኋላ እንደጻፈው፣ በመርከቡ ላይ ውሃ ሲያንስ የራሱን ድርሻ ለችግኙ አካፍሎታል።

እነዚህ ጉዞዎች የተሳኩ ቢሆኑም አንድ ችግር ትተው አልፈዋል። በላቲን አሜሪካ የተስፋፋው ቡና ከጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ የዘረመል ስብጥሩ ጠባብ ነው፤ ለቡና ዝገት በሽታም ይጋለጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የቡና ዘር የሚሰበስብ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ የላከው ይህን ስብጥር ለማስፋት ነበር።

የረጅም ርቀት ጉዞን የለወጠው የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ ነው። ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ፈርንና ሣር ያለ ተጨማሪ ውሃ ሲበቅሉ አየ። ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርድ ነበር። በ1833 በዚህ ዓይነት ሁለት ሣጥኖች የታሸጉ እጽዋት ከለንደን ወደ ሲድኒ ተልከው በሕይወት ደረሱ። «የዋርድ ሣጥን» የተባለው ይህ ዕቃ ከዚያ በኋላ በመርከብ ላይ የተለመደ ሆነ፤ ሮበርት ፎርቹን በ1840ዎቹ መጨረሻና በ1850ዎቹ መጀመሪያ የሻይ ችግኞችን ከቻይና ወደ ሕንድ ያሻገረው በእርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ሣጥኑ አፈሩንም ስለሚይዝ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉትን ነፍሳትና ተህዋስያን ጭምር በሕይወት ያደርስ ነበር።

በኢትዮጵያ ከውጭ የመጡ እጽዋት በስማቸው የጉዟቸውን ምልክት ይዘው ቀርተዋል። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው፤ በቆሎም በአንዳንድ አካባቢ የባሕር ማሽላ ይባላል። የባሕር ዛፍ ወደ አገር መግባት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1895 ባለው ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894)፣ የኢትዮጵያ ፖስታ ተቋቋመ፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ለሳምንታት ይጓዝ ስለነበር፣ ከደረቅ ዘር በቀር ሕያው ተክል ማምጣት አስቸጋሪ ነበር።

የአስተሻሸግ ደረጃዎች

ለአንድ ወይም ለጥቂት ችግኞች የሚያገለግለው የተለመደ ዘዴ የሚከተለው ነው።

1. መምረጥ፦ ወጣት፣ ጤናማና አበባ ያልያዘ ተክል ይመረጣል። የቅጠሉ ጀርባ፣ የግንዱ አንጓና ሥሩ ለነፍሳት፣ ለእንቁላል፣ ለነጠብጣብና ለእብጠት ይፈተሻሉ። አጠራጣሪ የሆነ ተክል አይላክም።

2. ማዘጋጀት፦ ተክሉ ከመነቀሉ አንድ ቀን በፊት ውሃ ይጠጣል። የጠገበ ተክል ስንቅ ይዞ ይሄዳል። ቅጠሉ ግን በሚታሸግበት ሰዓት ደረቅ መሆን አለበት።

3. አፈሩን ማራገፍ፦ ሥሩ ቀስ ተብሎ ከአፈሩ ይለያል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ይህ ክብደቱን ይቀንሳል፣ መናጋትን ያስቀራል፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ተህዋስያንን፣ ኔማቶዶችንና የአረም ዘሮችን በእጅጉ ይቀንሳል። በፕላስቲክ ቱቦ የተፈላ ችግኝ በአጭር ርቀት ከነአፈሩ ሊጓዝ ይችላል፤ ይሁንና አፈሩ እንዳይፈስ የቱቦው አፍ በግንዱ ዙሪያ ይታሰራል።

4. ሥሩን መጠቅለል፦ ሥሩ በረጠበና በተጨመቀ ወረቀት፣ ጥጥ ወይም ጨርቅ ይጠቀለላል። ሲጨመቅ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል። በላዩ ላይ ፌስታል ይደረግና ከግንዱ ግርጌ ላይ ይታሰራል። ፌስታሉ የሚሸፍነው ሥሩን ብቻ ነው።

5. ቅጠሉን መሸፈን፦ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ወደ ላይ ተሰብስቦ በደረቅ ጋዜጣ ይጠቀለላል። ጋዜጣው ከቅጠሉ የሚወጣውን ላቦት ይመጣል፤ ግጭትንም ያበርዳል።

6. በሳጥን ማስቀመጥ፦ ካርቶኑ ከተክሉ ብዙ መብለጥ የለበትም። የሥሩ ጥቅል በካርቶኑ ወለል ላይ በፕላስተር ወይም በገመድ ይታሰራል፤ ክፍት ቦታው በተጨማደደ ወረቀት ይሞላል። ተሞልቶ ሲወዘወዝ ምንም ድምፅ የማያሰማ ካርቶን በደንብ ታሽጓል። በጎኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ይበሳሉ።

7. መጻፍ፦ በካርቶኑ ላይ «ሕያው ተክል» የሚል ጽሑፍ፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ ቁጥር ይጻፋል። በውስጥም የተክሉ ስም ያለበት ወረቀት ይቀመጣል።

ዘዴው እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል። እሬትና ሌሎች ውሃ የሚያጠራቅሙ እጽዋት በተቃራኒው ደረቅ ሆነው ይታሸጋሉ፤ ሲነቀሉ የደረሰባቸው ቁስል እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ይቆያሉ፣ በሥራቸውም እርጥብ ነገር አይደረግም። እንደ ዝንጅብል ያሉትም በደረቅ ወረቀት ይጠቀለላሉ። እንደ ጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ያለ ከቅርንጫፍ የሚራባ ተክል ግን ሙሉ ችግኝ መላክ ሳያስፈልገው በአጭር ቁራጭ ሊላክ ይችላል። ቁራጩ የታችኛው ቅጠሉ ተነሥቶለት መቁረጫው በእርጥብ ወረቀት ይሸፈናል።

የመርሆው ጥንታዊ ምሳሌ በእንሰት አብቃዮች ዘንድ ይገኛል። የእንሰት ችግኝ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ሥሩና ቅጠሉ ይከረከማል። ቅጠል ሲቀነስ ትነት ይቀንሳል፤ ተክሉም አዲስ ሥር እስኪያወጣ በግርጌው ባጠራቀመው ውሃና ምግብ ይቆያል።

በኢትዮጵያ ውስጥ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ከማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና በዋናው ፖስታ ቤት በኩል ያልፋል። በኢትዮጵያ ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ጥቅል ዕቃ ደግሞ ተቀባዩ ራሱ መጥቶ እስኪወስደው በፖስታ ቤት ይቆያል። ለደብዳቤ ይህ ችግር አይደለም። ለተክል ግን በመደርደሪያ ላይ የሚያልፈው ቀን ከጉዞው ቀን እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ላኪው ዕቃው የተላከበትን ቀን ለተቀባዩ በስልክ ያሳውቃል። ዓርብ ከሰዓት የተሰጠ ተክል ቅዳሜና እሑድን በመጋዘን ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መላክ ይመረጣል። እንደ ፋሲካ ያለ ከስቅለት ጀምሮ ቀናት የሚዘጋበት በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጭራሹን አለመላክ ይሻላል።

ብዙ ሰው ዕቃ ወደ ክልል ከተሞች የሚልከው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወይም በሰው እጅ ነው። ለተክል ይህ መንገድ አንድ ጥቅም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርሳል። አደጋው ሙቀት ነው። ለምሳሌ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የተላከ ችግኝ በዓባይ በረሃ ያልፋል። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚለያይ፣ በድልድዩ ላይ ያለው አየር ከላይኛው በ9 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የችግኙ አተነፋፈስ በዚያ ሰዓት ወደ እጥፍ ይጠጋል። አውቶቡሱ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዝና በላስቲክ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል። ቅጠሉ በላስቲክ ሳይሆን በጋዜጣ መጠቅለሉ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ፀሐይ በሚመታው የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም በሞተሩ አጠገብ እንዳይቀመጥም ለረዳቱ ይነገራል።

የዓመቱ ወቅትም ይታያል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ድረስ የተላከ ችግኝ እርጥብ መሬትና ደመናማ ሰማይ ስለሚቀበለው የመጽደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም ተከላውን የሚያከናውነው በክረምት ነው።

ሕያው ተክልን በከፍተኛ መጠንና በተደራጀ መንገድ የሚልከው የአገሪቱ የአበባ ዘርፍ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ስትሆን፣ ከጽጌረዳ በተጨማሪ ገና ሥር ያላወጡ ቁራጮችን (ካቲንግ) ወደ አውሮፓ ትልካለች። ሁለቱ አይመሳሰሉም። የተቆረጠ ጽጌረዳ ገዢው ዘንድ ጥቂት ቀናት ከቆየ ይበቃል፤ ቁራጭ ግን ደርሶ ሥር ማውጣትና ማደግ አለበት። በቆቃ አካባቢ ባሉ የመስታወትና የላስቲክ ቤቶች ጄራኒየም፣ ክሪሳንተመምና ፖይንሴቲያ ለዚህ ይመረታሉ። ቁራጮቹ ተቆጥረው በቀጫጭን ላስቲኮች ይታሸጉና በካርቶን ተደርድረው ይቀዘቅዛሉ፤ ከዚያም በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይጓዛሉ። ለክሪሳንተመም ጥቂት ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ተስማሚ ሲሆን፣ ፖይንሴቲያ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሙቀት አይጓዙም። ጄራኒየም ለኤትሊን ስስ በመሆኑ በካርቶን ውስጥ በቀላሉ ይቢጫል፤ ከመቁረጥ እስከ ተከላ ያለው ጊዜም በተቻለ መጠን እንዲያጥር ይደረጋል።

በሽታና አረም አብሮ ሲጓዝ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ዳኛቸው ይርጉና ጆን ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገልጸውታል። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በተበከለ ችግኝ ይተላለፋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ተወስኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ በሙዝ ላይ ተገኘ፤ ከዚያም በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተስፋፋ። የተያዘ ችግኝ ምልክት ሳያሳይ ጤናማ መስሎ ሊቆይ መቻሉ በሽታውን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የዝንጅብል አጠውልግ በሽታም ተመሳሳይ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ዝንጅብልን ዋና የገንዘብ ምንጫቸው ያደረጉ ገበሬዎችን ምርት አጠፋ። ዝንጅብል የሚተከለው በዘር ሳይሆን በራሱ ቁራጭ በመሆኑ፣ ከታመመ ማሳ ለዘር የተወሰደ ቁራጭ ባክቴሪያውን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ቁራጩን ማጠብ በላዩ ያለውን አፈር እንጂ በውስጡ ያለውን ባክቴሪያ አያስወግድም። አስተሻሸግ ብቻውን የማይበቃውና የመነሻው ማሳ ጤንነት መረጋገጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያው ባክቴሪያ ዘመድ የሆነ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ በተላኩ የጄራኒየም ቁራጮች ወደ አሜሪካ ገብቶ ነበር። ዓይነቱ ድንችንና ቲማቲምን ስለሚያጠቃ፣ በብዙ ግዛቶች ባሉ የችግኝ ጣቢያዎች የነበሩ እጽዋት ተለይተው እንዲወገዱ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ጄራኒየም በሚያመርቱ እርሻዎች ንጹሕ ውሃ መጠቀም፣ እጅንና ጫማን በፀረ ተህዋስያን መታጠብና መቁረጫውን በየጊዜው ማጽዳት የጥራት ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ ሆኗል።

አረም ደግሞ በውበቱ ሊጓዝ ይችላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ የሆነው እምቦጭ በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው ለአበባው ውበት ሰዎች ይዘውት በመሄዳቸው ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ ታወቀ። ለመትከል አንድ ሰው በእጁ የሚይዘው ይህ ተክል በጣና ላይ አሣ አስጋሪዎችንና ከብት አርቢዎችን ለዓመታት አስቸግሯል።

ሕግና ሰነድ

በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ ሕያው እንስሳት፣ ከንብ፣ ከአልቅትና ከሐር ትል እንዲሁም ከጥቂት ሌሎች በቀር፣ በፖስታ አይላኩም። እጽዋት በጥቅሉ አልተከለከሉም፤ ነገር ግን ተቀባዩ አገር የራሱን ገደብ ያወጣል። የዚህ ቁልፍ ሰነድ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት (ፋይቶሳኒተሪ ሰርተፍኬት) ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው ተክሉ የሚነሣበት አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ተክሉ ተመርምሮ ከተከለከሉ ተባዮች ነጻ መሆኑን ይመሰክራል።

በኢትዮጵያ የእጽዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 እ.ኤ.አ. በ1971፣ የእጽዋት ኳራንታይን ደንብ ቁጥር 4 ደግሞ በ1992 ወጥተዋል። የኳራንታይን ሥራው ዛሬ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። ተክልን ወደ ውጭ ለማውጣት የሚመለከት ሌላ ሕግም አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የእጽዋት ዘረመል ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ የአካባቢ ማኅበረሰቦች እርስ በርስ በልማድ የሚያደርጉትን የዘርና የችግኝ ልውውጥ ግን አይነካም።

የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ለተከላ የሚሆን ተክል የጤና ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያስገድዳል። ግዴታው በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ያለ አንድ ችግኝንም ይጨምራል። በሁሉም አገሮች ማለት ይቻላል፣ ከነአፈሩ የሚላክ ተክል ጥብቅ ክልከላ አለበት።

ይህ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከታል፤ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጌሾ በውጭ አገር በጓሮ ማብቀል የሚፈልግ ብዙ ነው። ጤና አዳም ለምሳሌ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በአንድ የእጽዋት ቤተሰብ ይመደባል። የሎሚ ቤተሰብ በሽታዎች በአሜሪካ የብርቱካን እርሻዎች ላይ ከባድ ጉዳት ስላደረሱ፣ የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ከውጭ ሲገቡ ከሌሎች የጠበቀ ገደብ አለባቸው። ለቡና የሚሆን ጤና አዳም ይዞ የሚገኝ መንገደኛ ተክሉ ሊወሰድበት፣ ሳያስመዘግብ ከቀረም ሊቀጣ ይችላል። የተሻለው መንገድ በሚኖርበት አገር ውስጥ ከሚገኝ የችግኝ ጣቢያ መግዛት ወይም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ሲደርስ

ተክሉ እንደደረሰ ካርቶኑ በዚያው ሰዓት ይከፈታል። ቅጠሉ ቢጫ ወይም የተኛ መሆኑ ብቻውን ሞት አይደለም፤ ግንዱ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነው። የሥሩ መጠቅለያ ተነሥቶ ሥሩ ለአንድ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ይተከላል፤ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ገደማ በጥላ ይቀመጣል። ከጨለማ የወጣ ተክል በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅጠሉ ይቃጠላል። አዲስ ሥር እስኪያወጣ ድረስም ማዳበሪያ አይሰጠውም።

አዲሱ ተክል ከሌሎች ርቆ በራሱ ዕቃ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት አለበት። በጉዞው ወቅት ያልታዩ ነፍሳትና ነጠብጣቦች በዚህ ጊዜ ይወጣሉ፤ በሽታ ከታየም ጉዳቱ በአንድ ዕቃ ይወሰናል። የመጣበት መጠቅለያ፣ የረገፈው ቅጠልና ሥሩ የታጠበበት ውሃ በጓሮ ላይ አይደፋም። ወረቀቱና ቅጠሉ ይቃጠላሉ፤ ውሃው ሰብል በሌለበት ቦታ ይፈሳል፤ ያገለገለው መቁረጫም በበረኪና ይጸዳል።